ጨው የት እንደሚቀመጥ

ጣና ላይ ማለዳ ውሃውና ሰማዩ የሚለያዩበት መስመር የለም። ሁሉም አንድ ግራጫ ነው። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከሩቅ ሲታይ አየር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከአባቴ ጋር ጎርጎራ የሄድሁበትን ጉዞ ባሰብሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ግራጫ ነው፤ ቀጥሎ የመርከቧ ሞተር ጉርምርምታ፤ ከዚያ በአባቴ ጉልበት ላይ የተዘረጋችው ወረቀት። የቀረው ተቆራርጦ ነው የሚታየኝ፤ ይኸኛው ከዚያኛው ቀደመ ወይስ ተከተለ ብባል አንዳንዱን አላውቀውም። የወረቀቷን ነገር ግን ብፈልግም አልረሳውም። እስከ ዛሬ ወደማስተምርበት ኮሌጅ በሐይቁ ዳር ስሄድ ጭጋጉ ያልተነሣ እንደሆነ ቆም ብዬ ማየቴ አይቀርም። የሚያውቀኝ ሰው ሲያልፍ "ምን ጠፋብሽ?" ይለኛል።

ወረቀቷ ላይ ያለው መስቀለኛ ቃል ነው፤ አግድምና ወደ ታች በማስመሪያ የተሰመሩ ሳጥኖች፣ በመካከል በእስክሪብቶ የጠቆሩ፣ ከሥር ደግሞ ፍንጮች። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበሩ። መብራት ሲጠፋና ማሽን ሲቆም ሥራ እንዳይፈቱ ብለው የጋዜጣ መስቀለኛ ቃል ይሞሉ ጀመር። ቆየት ሲል የጋዜጣውን ናቁት። "'የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ማን ይባላል' ብሎ ነገር ምን ጥያቄ ነው?" ይሉ ነበር፣ በአገጫቸው ወደ ሐይቁ እያመለከቱ። "ይሄ ማወቅ እንጂ መፍታት አይደለም።" ስለዚህ ፍንጩን ራሳቸው ያወጡ ጀመር። የእሳቸው ፍንጭ የነገሩን ስም አይጠራም፤ ጠባዩን፣ ሥራውን፣ ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ይናገርና ስሙን ለፈቺው ይተወዋል። "ጀርባው ሲርስ ይኖራል፤ ሆዱ ከራሰ ግን አለቀለት" ይሉሻል፤ ታንኳ ነው። ካወቅሽው በኋላ ቀላል ነው። ሳታውቂው ግን እንቅልፍ ይነሣሻል።

መጀመሪያ የፈታሁት ፍንጭ በቃሌ አለ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ነን፤ እኔ ማንበብ ከቻልሁ ብዙም አልቆየሁም። "ሲኖር ስሙን የሚያነሣ የለም፤ ሲጎድል ገበታው ሁሉ ይጠራዋል" ይላል። ሁለት ሳጥን። "እማ" አልሁ በድፍረት። እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች፤ "እኔማ ስኖርም ስጠራ ነው የምውለው" አለች። አባቴ ግን አልሳቁም። "ቃል አትፈልጊ" አሉኝ። "ቃል ከፈለግሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ስታተራምሺ ትውያለሽ። ነገሩን ፈልጊው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሆነው መቼ ነው?" ትንሽ አሰብሁ። ከዚያ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ የጨው ጣሳውን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥሁ። አባቴ ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዲግሪዬን ስቀበል አላገኘሁትም።

በእኛ ቤት ሳጥን ባዶ ማስቀረት አይፈቀድም። ያልቻለ ሰው ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ እንደሚያደርጉት "አላወቅሁም" ብሎ አገር ይሰጣል። አባቴ የተሰጣቸው አገር ካልጣማቸው "እምቢ፣ ሌላ" ይላሉ። ከጣማቸው ይቀበሉና እዚያ እንደ ገቡ፣ እዚያ ምን እንደ በሉ፣ እኛ ደግሞ እዚህ ምን ያህል ፈዘን እንደ ቀረን እየዘረዘሩ ይሰድቡናል። ስድቡ ሲያልቅ መልሱን መናገር ግዴታቸው ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አገር የተሰጠው መልስ ይከፍላል። እናቴ ፍንጭ ሲያወጡባት ቶሎ እጇን ትሰጥና "ሐሙሲትን ሰጥቻለሁ" ትላለች። ሁልጊዜ ሐሙሲት ነው። "አንቺ ሴት፣ ሐሙሲት እኮ እዚችው ናት፤ ካይሮን ስጪኝ እንጂ" ይሏታል። "ሩቅ አትሂድብኝ" ትላቸዋለች፤ "ሐሙሲት ከሆነ ለምሳ ትመለሳለህ።"

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። አመጣኋቸው ማለት ይቀላል፤ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄ፣ ስንት ጊዜ አኩርፌ ነው። ደም ግፊት አለባቸው። ብቻቸውን ተቀምጠው፣ መድኃኒት ረስተው፣ አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ምን ይውጠኛል? የሹም አቦውን ቤት አከራየነውና መጡ። ለእኔና ለባለቤቴ፣ ለሴት ልጄም ቤቱ ሞላልን። የሐይቁ ነፋስ የሚገባበትን ክፍል ሰጠናቸው። ሳሎን መስኮቱ ሥር ያለችው ሰፊ ወንበር የእሳቸው ሆነች፤ ልጄ ሳታስብ ብትቀመጥባት "ተነሺ፣ የአባባ ናት" እንላታለን። ምግብ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሳቸው ነው። ብድግ ካሉ ሦስታችንም ባንድ አፍ "አባባ ይቀመጡ" እንላለን። ይቀመጣሉ። ጎረቤት ሁሉ "እንደ አንቺ ያለ ልጅ ይስጠን" ይለኛል፤ እኔም ይህን ስሰማ ልቤ ሞልቶ ነው የምገባው።

ታዲያ አንድ ሚያዝያ "ጎርጎራ ሄጄ እኅቴን ጠይቄ ልምጣ" አሉ። የተወለዱት ጎርጎራ ነው። ታላቅ እኅታቸው ባላቸው ሞተውባቸው በወላጆቻቸው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። መንገዱም ሐይቁም ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው፤ መርከቧ ከባሕር ዳር ተነሥታ ቁንዝላ ታድርና በማግሥቱ ጎርጎራ ትገባለች። ከኮሌጁ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ልሄድ ተነሣሁ። ማለዳ ሻንጣቸውን ልዘጋ ብታገል ዚፑ እምቢ አለኝ። ብከፍተው ከጋቢያቸው ሥር የእናቴ ፎቶግራፍ አለ፣ ከነፍሬሙ። ቀና ብዬ ግድግዳውን ባየው ሚስማሩ ብቻ ነው የቀረው። ለጥየቃ የሚሄድ ሰው የግድግዳ ፎቶ አያወርድም። ሊቀሩ ነው። ፎቶውን እንደነበረ መልሼ፣ ዚፑን ታግዬ ዘጋሁት።

መርከቧ ከወደቡ ስትላቀቅ ዝም አልሁ። ዘጌ እስክንደርስም ዝም አልሁ። እኔ ዝም ማለት አላውቅበትም፤ ዝም ካልሁ የሚያውቁኝ ሁሉ ይፈራሉ። አባቴ ግን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ውሃውን ያያሉ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ውሃው ላይ ተኝተው መርከቧ ስትቀርባቸው ሳይቸኩሉ ገለል ይላሉ። ዘጌ ላይ ጥቂት ሰው ወረደ፣ ጥቂት ተሳፈረ፣ ዛፎቹ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ አላስቻለኝም።

"አባባ፣ ሊቀሩ ነው አይደል?"

ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ "ፎቶውን አየሽው" አሉ።

"አየሁት።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ።"

ያኔ አፌ ተከፈተ። ጎርጎራ ጤና ጣቢያ እንጂ ሆስፒታል የለም አልሁ። መድኃኒትዎን ማን ያስታውስዎታል አልሁ። እኅትዎ ራሳቸው ጧሪ የሚፈልጉ ናቸው አልሁ። "ምን አጎደልንብዎት?" ስል ድምፄ ተሰበረብኝ። አጠገባችን የጨርቅ ጥቅሏን ተደግፋ የተቀመጠች አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ከባሕር ዳር ሸምታ ወደ ደልጊ የምትመለስ ሙስሊም። እንዳላፍር ብላ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረችልኝ።

"ምንም አላጎደላችሁብኝም" አሉ አባቴ። "እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

አልገባኝም። አለመግባቱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

"በይ አንጨቃጨቅ" አሉ። "ሐይቅ ላይ ጠብ ነውር ነው። እንጫወት።" ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጓት። አዲስ የተሠራች ናት፤ ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ። ጣታቸውን ከመካከል አንዱ ረድፍ ላይ አደረጉ። "ይችን አግድም መርከቧ ጎርጎራ ሳትደርስ ከፈታሽ፣ በዚችው መርከብ አብሬሽ እመለሳለሁ። ሁለተኛም አላነሣብሽም። ካልፈታሽ አገር ትሰጪኛለሽ።"

"የቱን አገር?"

"እሱንማ ታውቂዋለሽ።"

ሳቄ መጣ። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ የአባቴ ፍንጭ አምልጦኝ አያውቅም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። እንዲያውም ልባቸው መመለስ ፈልጎ፣ አፋቸው እምቢ ብሎ ሰበብ የሰጡኝ መሰለኝ። "ቃልዎ ነው?" አልኋቸው። "ቃሌ ነው" አሉ። ነጋዴዋ ፊቷን መለሰችና "እኔም ምስክር ነኝ" አለች። እስክሪብቶውን ተቀብዬ አነበብሁ።

"ከሁሉ የተሻለው ወንበር የእሱ ነው፤ ጨው የት እንደሚቀመጥ ግን አያውቅም።" አራት ሳጥን።

መጀመሪያ ንጉሥ ነው ብዬ ዘለልሁ፤ ሦስት ሆነብኝ። ሚኒስትር አልሁ፤ ተረፈ። ዳኛ፣ አለቃ፣ ሙሽራ፤ ሁሉም አነሰ። ሙሽራ ሲያልፈኝ ቆጨኝ፤ ሙሽራ ጨው የት እንዳለ ምን ያውቃል? ነጋዴዋም በበኩሏ ታስባለች። "የትምህርት ቤት ዲሬክተር ቢሆንስ?" አለችኝ፤ ልጇን ለማስመዝገብ ሄዳ ዲሬክተሩ ምን ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዳየችው ነገረችን። አባቴ ሳቁ። ፀሐይ ወጣች፣ ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ሐይቁ ሰማያዊ ሆነና ዓይን የሚወጋ ሆነ። ደቅ ደሴት በስተቀኝ ቀርቦ ቆየና ሸሸ። የሞተሩ ጉርምርምታ ከሐሳቤ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጊዜ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ እናቴ ሹም አቦ ጓዳ ውስጥ ቆማ "ሐሙሲትን ስጪውና ገላገይው" ስትለኝ ሰማሁ። ቀና ብል አባቴ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ያንኮራፋሉ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቃል መጣልኝና ደነገጥሁ። በሽተኛ። አራት ሳጥን ነው፤ ልክክ ይላል። በሽተኛን ሁሉም ይንከባከበዋል፣ ደህናውን ቦታ ይለቁለታል፣ ጨውማ ሐኪም ይከለክለዋል። አባቴን ቀስቅሼ "ታመዋል እንዴ? የደበቁኝ ነገር አለ?" አልኋቸው። ትንሽ አዩኝና የፈራሁት ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ክንዴን ያዙኝ። "አልታመምሁም ልጄ። በሽተኛ ያለው አልጋ ነው፤ ወንበር አይደለም። ፍንጩን በደንብ አንብቢው።" ተንፈስ አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁባቸው። ሰውን እንዲህ አስደንግጦ ፍንጭ በደንብ አንብቢ ማለት ምን ይሉት ነገር ነው።

ቁንዝላ ስንገባ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ተጋድማ ነበር። አልጋ ይዘን ዓሣ ልንበላ አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቷ አባቴን ስታይ አንድ ወጣት ከተቀመጠበት አስነሥታ፣ ወንበሩን በሽርጧ ጠርጋ፣ "አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለቻቸው። አባቴ ወንበሩን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩና ፈገግ አሉ። እኔ የዓሣ እሾህ እየለቀምሁ ነበር። አሁን ሳስበው ሕፃን እንኳ እዚያ ላይ ይፈታው ነበር። ግን ዓይኔን ሚኒስትሮችና ነገሥታት ላይ ተክዬ፣ አጠገቤ ያለውን ማየት አልሆነልኝም።

በማግሥቱ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ነበር፤ አንድ ሞገድ የለውም። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር እምቦጩ እየበዛ መጣ፤ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት መስክ ይመስላል፣ ሰው የሚራመድበት። አባቴ "እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ጥርት ያለ ውሃ ነበር" አሉ። አንገታቸውን አስግገው የሚያውቁትን ዳርቻ ይፈልጋሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀቷን አያለሁ። መንገዱ እያለቀ ነው፤ ፍንጩ እዚያው ነው። ከዋናው ዞር ብዬ ሌሎቹን ልሙላ አልሁ፣ ምናልባት ፊደል ቢያቀብሉኝ። ወደ ታች ከሚሄዱት አንዱ "ገበሬ መሬቱን ትቶ ሰማዩን የሚያይበት" ይላል። ቀላል ናት፤ ግንቦት። ጻፍሁት። ግ በአግድሙ ሦስተኛ ሳጥን ላይ ገጠመች።

ልክ በዚህ ጊዜ ነጋዴዋ ምሳዋን ፈታች። እኛም ከቁንዝላ ያስቀቀልነውን እንቁላል አወጣን። "ጨው ይኖራችሁ ይሆን?" አለች። እኔ ወደ ቦርሳችን ዞርሁ፤ ከላይ ብፈልግ የለም፣ ከሥር ብፈልግ የለም። ጨው መያዛችንንም አላውቅም። አባቴ ግን ገና ሳትጨርስ እጃቸውን ወደ ሻንጣቸው ሰደዱ። "እኔ ጋ ነው፣ እኔ ጋ ነው፤ በጎን ኪስ" አሉ። በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አወጡና ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለራሳቸው አደሉ። ነጋዴዋ "አላህ ያክብርልኝ አባቴ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር" አለቻቸው። እንዲህ በማለቷ ብቻ አባቴ ደስ ሲላቸው፣ ፊታቸው ወለል ሲል አየሁ። ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩን ፈልጊው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሆነው መቼ ነው?

መጣልኝ። አንድ ከሰዓት ከኮሌጅ ቀደም ብዬ ስገባ አባቴ ኩሽና ውስጥ ቆመዋል። የመደርደሪያው በሮች ሁሉ ተከፍተዋል። ጠረጴዛው ላይ በሰሐን አንድ የተላጠ እንቁላል አለ። "ምን ፈልገው ነው አባባ?" ብላቸው፣ "ኧረ ምንም፤ ጨው ቢጤ" አሉኝ፣ የሰው ዕቃ ሲነኩ እንደተያዙ ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው። "ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ" አልሁና ትከሻቸውን ይዤ ሳሎን ወስጄ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኋቸው። ጨውን በትንሽ ሰሐን፣ በትሪ አድርጌ አቀረብሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። አባት ልጁን እግዜር ይስጥልኝ አይልም ማለቴ አይደለም፤ ይላል። ግን በዚያ ድምፅ አይልም። በዚያ ድምፅ የሚለው፣ ሰው ቤት የመጣ ነው።

እንግዳ። አራት ሳጥን፣ ሦስተኛው ግ።

ደልጊ ላይ ነጋዴዋ ጥቅሏን አሸክማ ወረደች። ስትሰናበተን "ፈታሽው?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ ይሁን አይ ይሁን እሷም አልገባት። ከዚያ ወዲያ መርከቧ ላይ የቀረነው ጥቂት ነበርን። አባቴ ወደ ፊት ሄደው ቆሙ። እኔ ወረቀቷን ይዤ ከኋላ ቀረሁ፤ እስክሪብቶው በእጄ ነው፤ ከአራቱ ፊደል አንዱ ተጽፏል፣ ሦስት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ብጽፈው አሸንፌያለሁ። አባቴ ቃላቸውን አያጥፉም፤ በዚያችው መርከብ ይመለሳሉ፤ ፎቶው ወደ ሚስማሩ ይመለሳል፤ ማታ ማታ ትንፋሻቸውን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፣ መድኃኒታቸውን በእጄ እሰጣለሁ። ይህን ፈለግሁት፤ ምን ያህል እንደፈለግሁት ልዋሽ አልችልም። እናቴን አጥቻለሁ፤ እሳቸውን ሐይቅ ማዶ አስቀምጬ እንዴት ነው የምተኛው? ግን ከጻፍሁት፣ እሳቸው ራሳቸው መልሱን ሆነው ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ነው። ብዙ ቆየሁ። ውሃው ዳር ያሉት ቤቶች ቆርቆሮ መታየት ጀመረ። ጎርጎራ ነው።

ወደ ፊት ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ። ወረቀቷን አጥፌ ሰጠኋቸው።

"አባባ፣ አላወቅሁም።"

ገልጠው አዩዋት። ግንቦትን አዩ፣ ሦስተኛው ሳጥን ላይ የገጠመችውን ግ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። "ግ ተገኝቶልሽ?" አሉ።

"ተገኝቶልኝ።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና "እንግዲያው አገር ስጪኝ" አሉ።

"ሐሙሲትን ሰጥቻለሁ" አልሁ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። የእናቴ ድምፅ ነበር።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እምቢ" አሉ ቀስ ብለው። "ሌላ።"

"ጎርጎራን ሰጥቻለሁ።"

"ጎርጎራ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፤ ዓሣው በእጄ፣ ውሃው በደጄ..." ብለው እንደ ድሮው ጀመሩ። ቀጥሎ የሚመጣው የኔ ስድብ ነው። "አንቺ ግን..." አሉና ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት። ስድቡ በዚያው ቀረ። መርከቧ ከወደቡ ተጠጋች፤ መልሱም ሳይነገረኝ ወረድን።

የአክስቴ ቤት ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አክስቴ አባቴን አቅፈው አለቀሱና ወዲያው ደግሞ ስለዘገዩ ተቆጧቸው። እኔን እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሳሎኑ ውስጥ አንዲት የድሮ ባለመደገፊያ ወንበር አለች፣ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነች፤ ሌላው መቀመጫ ሁሉ ባለሦስት እግር ዱካ ነው። ጨርቋን አስተካክለው እዚያ አስቀመጡኝ። አባቴ ኮታቸውን አውልቀው በሩ ጀርባ ካለ ሚስማር ላይ፣ ሳያዩ፣ ሰቀሉት። ማንም ሳይጠራቸው ጓዳ ገቡ። የድስት ክዳን ሲያነሡ፣ እሳቱን ሲያስተካክሉ፣ "እቴቴ፣ ይሄ ነገር አሁንም እዚህ ነው እንዴ?" ሲሉ ይሰማኛል። አክስቴም "የት ይሄዳል ብለህ ነው?" ይሏቸዋል። የአባቴ ድምፅ ከጓዳ ሲመጣ ወፍራም ነው፤ በኔ ቤት ድምፃቸው ቀጥኖ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

የዓሣ ወጥ ቀረበ። መጀመሪያ ለእኔ። ቀመስሁት፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ጨው ያንሰዋል። አክስቴም እንደ አባቴ ደም ግፊት ስላለባቸው ጨው የሚቀንሱ ናቸው። ማንንም ላለማስቸገር ብድግ አልሁ፤ ጓዳው በዚያ በኩል ነው፣ ፈልጌ አላጣውም።

አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈና ወንበሩ ላይ መለሰኝ። አባቴ ናቸው።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "መልሱን ልነግርሽ ግዴታ አለብኝ አይደል? አገር ሰጥተሽኛል።" ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ ቀስ አድርገው፣ "እንግዳ አይነሣም" አሉ።

ጓዳ ገቡ። ሲፈልጉ አልሰማሁም፤ አንድም በር ሲከፈት አልሰማሁም። ወዲያው የጨው ጣሳውን ይዘውልኝ ተመለሱ።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አልኋቸው።